«ደርሰናል» አይባልም

ከወሰን ተነስተን እንጦጦ ራጉኤል በብስክሌት ልንሄድ ነው ብዬ ስናገር አንድም ሰው «መልካም መንገድ» አላለኝም። ጎረቤቴ «ታክሲ ጠፋ እንዴ?» አለችኝ። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ጉልበቴን አየት አደረገና ዝም አለ፤ ከስድብ የከፋ ዝምታ። አልፈርድባቸውም። አርባን ካለፍኩ ቆይቻለሁ፤ ብስክሌት ላይ ከወጣሁ ደግሞ ከዚያም በላይ ቆይቻለሁ። ግን ሐሳቡ የኔ አይደለም። የወንድሜ የደምሴ ነው፤ ደምሴ ደግሞ አንዴ ካለ አለ ነው።

ደምሴ ታላቄ ነው። «ጋሼ» እያልኩ «አንተ» የምለው፣ እሱም እስከ ዛሬ «ሚጡ» የሚለኝ፤ እምሠራበት መድኃኒት ቤት ድረስ መጥቶ ደንበኛ ፊት ሳይቀር። ዕድሜውን ሙሉ ከወሰን መገናኛ ሚኒባስ ሲነዳ ኖሮ ባለፈው ዓመት መኪናውን ሸጠ። ዓይኑ ነው። ግላኮማ ይሉታል፤ ጎን ጎኑን እየበላ ወደ መሃል የሚመጣ በሽታ። «በቧንቧ እንደማየት ነው» ይላል እሱ ሲያስረዳ። ፊት ለፊቱ ያለውን ያያል፤ ከጎን የመጣ ሰው ግን ከመሬት የበቀለ ይመስለዋል።

ባለፈው ወር ሐኪም ጋ አብሬው ሄጄ ነበር። ሐኪሙ ለእሱ «አይዞዎት፣ ገና ጊዜ አለዎት» ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገለት። ደምሴ ካርዱን ሊመልስ ሲወጣ ግን እኔን አስቀረኝ። የመድኃኒት ባለሙያ መሆኔን ያውቃል። «እርስዎ ቀስ ብለው ያዘጋጁት። ክረምቱ ሲገባ ብቻውን መንገድ መሻገር ያቅተው ይሆናል» አለኝ። ደረጃውን ስንወርድ ደምሴ «ምን አለሽ?» ሲለኝ «ጠብታውን በሰዓቱ እንድታደርግ ነው» አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልነግረው እየተነሳሁ እተወው ነበር። 

ከዚያ አንድ ቀን ስልክ ደወለና «ሚጡ፣ ያቺን ጉዞ እንጨርሳት» አለኝ። የቷን ጉዞ ብዬ አልጠየቅኩም።

እሱ አሥራ አራት፣ እኔ ስምንት ዓመታችን ነበር። ያኔ ሰፈራችን ውስጥ ብስክሌት በሩብ ሰዓት ሂሳብ የሚያከራይ ሰውዬ ነበር። ደምሴ ሳምንቱን ሙሉ የሰውዬውን ብስክሌቶች አጥቦ አንዷን ለአንድ ቀን አስፈቀደ። የኋላ መጫኛው ላይ ጆንያ አጥፎ አስቀመጠኝና ወደ ራጉኤል ጉዞ ጀመርን። ከራጉኤል ሆነው ሲያዩ አዲስ አበባ በሙሉ ይታያል ይባል ነበር፤ ደምሴ ደግሞ «ቤታችንም ይታያል» ብሎኝ ነበር። እኔን ያስነሳኝ ከተማው አልነበረም። የቤታችን ጣራ ነበር። እንጦጦ ላይ ጭጋግ ያዘን፤ የእንጨት ለቃሚዎችን መንገድ ተከትለን፣ ብስክሌቷን እየገፋን፣ እኔ ወድቄ ጉልበቴ ደምቶ፣ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። እዚያ አንድ ጋቢ የለበሰ ሰውዬ አገኘንና «ገና ናችሁ! ግማሹንም አልሄዳችሁ። ይመሽባችኋል፣ ተመለሱ» አለን። ተመለስን። እኔ እስከ ቤት አለቀስኩ።

የሀገሬን ሰው ታውቁታላችሁ። መንገደኛ «ስንት ቀረን?» ብሎ ሲጠይቀው እውነቱን መንገር ነውር ይመስለዋል። «እዚህችው ናት» ይላል። «ይቺን ዳገት ካለፋችሁ ደርሳችኋል» ይላል። ዳገቷን ስታልፉ ሌላ ዳገት ይጠብቃችኋል፤ እዚያም ላይ ሌላ ሰው ቆሞ «ደርሳችኋል» ይላችኋል። ውሸት ነው ማለት ይከብደኛል፤ ለደከመው ሰው ውሃ እንደማቀበል ያለ ነገር ነው። ያን ቀንም ያገኘነው ሰው ሁሉ «ደርሳችኋል» ሲለን ነበር የዋለው። እውነቱን የነገረን ያ ባለ ጋቢው ሰውዬ ብቻ ነው ብለን፣ እኔና ደምሴ እስከ ዘንድሮ ስናወራለት ኖርን።

በስልኩ ላይ ደምሴ ሁለት ውል አስገባኝ። «አንደኛ፣ ከፊት አንቺ ነሽ፣ ከኋላ እኔ። ጉድጓድ ሲኖር ‹ጉድጓድ!›፣ ድንጋይ ሲኖር ‹ድንጋይ!› ትያለሽ፣ ግራ ቀኙንም ትናገሪያለሽ። ሁለተኛ፣ ‹ደርሰናል› አይባልም። ስንት ቀረን ስልሽ እውነቱን ትነግሪኛለሽ።»

«ሁለተኛው ለምን አስፈለገ?»

«ጉልበቴን ልመጥናት። ልጅ መሰልኩሽ እንዴ?»

እሺ አልኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው የገባኝ። እውነቱን ንገሪኝ የሚል ሰው ከኋላዬ አስከትዬ፣ እውነቱን ደብቄ ዳገት ልወጣ ነው። ራጉኤል ላይ እነግረዋለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ዕቃ መሸከፍ

ለዝግጅቱ ስልኬ ላይ ቪዲዮ አየሁ። በብስክሌት ዓለምን የሚዞሩ ፈረንጆች አሉ፤ አንዷ ሸሚዟን እንደ እንጀራ ጠቅልላ በቦርሳ ስትደረድር አይቼ እኔም ጠቀለልኩ። የዝናብ ልብስ፣ የስልክ ባትሪ መሙያ፣ ትርፍ ጫማ፣ ፋሻ፣ አልኮል፣ የሆድ መድኃኒት፣ የራስ ምታት መድኃኒት፣ የእጅ ባትሪ። ከባልደረባዬ የተዋስኳት ብስክሌት ሁለት ቦርሳ ተሸክማ የጠገበች አህያ መሰለች። ደምሴ ማታ መጥቶ አያትና አንድ በአንድ ማውጣት ጀመረ።

«ይሄ ምንድነው?»

«የሆድ መድኃኒት።»

«ይሄስ?»

«እሱም የሆድ ነው። ሌላ ዓይነት።»

«መተማ ነው እንዴ የምንሄደው? የእባብ መድኃኒትስ ረሳሽ?» አለና ሁለቱንም ቦርሳ አወረደው። በምትኩ ያስጫነኝ፣ በሶ በላስቲክ፣ በቅቤ የታሸ ጭኮ፣ ሎሚ፣ ውሃ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ማስቲሽና የተቆረጠ የውስጥ ጎማ ብቻ ነው። በአንድ የገበያ ዘንቢል የሚያልቅ ዕቃ። እውነቱን ለመናገር ተናድጄ ነበር፤ የጠቀለልኩት ሸሚዝ አሳዘነኝ። በኋላ ሽሮ ሜዳ ላይ ስንደርስ ግን በልቤ መረቅኩት።

የእሱ ብስክሌት ማርሽ የሌላት፣ ጥቁር፣ ከባድ የድሮ ብስክሌት ናት። ከኋላዋ መጫኛ ላይ የታጠፈ ጆንያ በገመድ አስሯል።

«ይሄስ ለምንድነው?»

«ከደከመሽ ትቀመጪበታለሽ።»

ሳቅኩበት። እሱ ግን አልሳቀም፤ ገመዱን አጠበቀ። ከዚያ ቁም ሳጥኔን አስከፍቶ ያሉኝን ሻርፖች ሁሉ እያነሳ አየና ቢጫውን መረጠ። «ነገ ይሄን ትለብሻለሽ። ቀዩን አላየውም፣ ይሄን አየዋለሁ።» ሊወጣ ሲል ነው ትዝ ያለኝ። ሞት ይርሳኝ! ያን ሁሉ መድኃኒት ስደረድር የእሱን የዓይን ጠብታ ማቀዝቀዣ ውስጥ ረስቼው ነበር፤ ያኔውኑ አውጥቼ ከዕቃው ጋር ጨመርኩት።

ከወሰን እስከ መገናኛ

ቀኑ የኅዳር መባቻ ነበር፤ የራጉኤል ዕለት ስለሆነ መንገዱ ላይ ሰው አይጠፋም ብለን የመረጥነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወጣን። ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ወሰን ገና ጋራዦቹን አልከፈተም፤ የተነቃቀሉ መኪናዎች በር ላይ ቆመዋል፣ ዳቦ ቤቱ ብቻ በርቷል። አራት ትኩስ ዳቦ ገዝተን በየጃኬታችን ኪስ ከተትን። ለመብላት ሳይሆን ለእጃችን ሙቀት ነበር፤ መገናኛ ሳንደርስ ግን በልተን ጨረስናቸው።

እኔ መንገዱን ስልኬ ላይ አስገብቻለሁ። ደምሴ ደግሞ በራሱ ካርታ ይመራኛል። የሱ ካርታ ላይ ያሉት ነገሮች በሙሉ ፈርሰዋል።

«ወፍጮ ቤቱ ጋ ወደ ግራ!» ይለኛል ከኋላ።

«የቱ ወፍጮ ቤት?»

«የድሮው ነዋ!»

«ጋሼ፣ ባንክ ሆኗል እኮ!»

«እሱን ባንኩ ይጨነቅበት። መታጠፊያው ያው ነው።»

ያው ነበር። «ሁለቱ ጥድ ጋ»፣ «የሻምበሉ አጥር ጋ»፣ «ኳስ ሜዳው ጋ» እያለ መገናኛ አደረሰኝ። ጥድ የለም፣ አጥር የለም፣ ኳስ ሜዳው ላይ ፎቅ ቆሟል። እኔም ሳላስበው «እዚህ ጋ ነበር ከረሜላ የምትገዛልኝ» ማለት ጀመርኩ። ሁለታችንም የሌለ ሰፈር ውስጥ ነበር የምንነዳው፤ ደስ ይል ነበር።

መገናኛ ላይ ለብስክሌት የተሠራ ያማረ መስመር አለ። መስመሩ ላይ ከብስክሌት በቀር ሁሉም ነገር አለ። ቁም ሳጥን የተሸከመ ሰው አለ፣ እጅ ለእጅ የተያያዙ ተማሪዎች አሉ፣ ካልሲ ዘርግቶ የሚሸጥ አለ። ደወሌን ብነካ የሚሰማኝ ጠፋ።

«ወንድሜ፣ የብስክሌት መንገድ ነው እኮ!» አልኩት ባለ ካልሲውን።

«አውቃለሁ እናቴ። ብስክሌቱ እስኪመጣ ብዬ ነው።»

«ይኸው መጣ!»

«እንኳን ደህና መጣሽ» አለና ካልሲዎቹን በላስቲኩ ጠቅልሎ አነሳ። እሱን እንዳለፍን ከታክሲ ተራው አንድ ወያላ ደምሴን አይቶ ጮኸ። «ጋሽ ደሜ! በሁለት ጎማ ጀመርክ?»

«ሁለቱን ሸጬ ሁለቱን አስቀረሁ!» አለው ደምሴ። ተራው በሙሉ ሳቀ። ደምሴም ሳቀ፤ ግን ወያላው ከጎኑ ሮጦ መጥቶ እጁን ሲዘረጋለት አላየውም። እጁ አየር ላይ ቀረ። እኔ አየሁት፣ አንጀቴን በላው። «ጋሼ፣ በቀኝህ ሰላም እያለህ ነው» አልኩት። ዞረና ያዘው።

የካ ሚካኤል

የካ ሚካኤል ስንደርስ ፀሐይ ወጥታለች። ደምሴ ብስክሌቱን አስደግፎ ደጁን ተሳለመ፤ እኔ ከዛፉ ሥር ተቀምጬ ውሃ ጠጣሁ። ልጆች ሆነን ያረፍነው እዚሁ ነበር። «ያኔ ‹ራጉኤል ደረስን?› ስትይኝ ‹ደርሰናል› ያልኩሽ እዚህ ነው» አለኝ እየሳቀ። «ከዚያ ቀበና ላይም አልኩሽ። ሽሮ ሜዳ ላይም አልኩሽ።»

«ሁሉንም አምኜህ ነበር።»

«ስለምታምኚኝ ነው የገፋሁት። ባታምኚኝ ኖሮ እኔም ስድስት ኪሎ ላይ እቀመጥ ነበር።»

ሰዓቱ ይሄ ነው አልኩ በልቤ። አካባቢው ጸጥ ብሏል፣ ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው፣ እሱም ደስ ብሎታል። አፌን ከፈትኩ።

«ጋሼ…»

«አቤት።»

«የብስክሌትህ ካቴና ይጮሃል።»

«አዎ፣ ዘይት ይፈልጋል» አለና ጎንበስ ብሎ በጣቱ ዳሰሰው። ምናለ ምላሴ ያን ጊዜ ቢፈታ!

ሽሮ ሜዳና ዳገቱ

በቀበና አድርገን ስድስት ኪሎን አልፈን ሽሮ ሜዳ ገባን። የሀበሻ ልብስ ሱቆቹ መጋረጃቸውን ገልጠው ነጭ በነጭ ሆነዋል። እዚያ አንዲት ሴት የምትሸጠውን ትኩስ ድንች በአዋዜ በላን፤ ጨው ስጨምርበት «ያንቺስ ሆድ መድኃኒት ያስፈልገዋል» አለኝ ደምሴ። ለሚሄድ ሰው ምክር ልስጥ፤ ሽሮ ሜዳ ላይ ሳትበሉ እንዳትወጡ። ከዚያ በላይ ያለው ዳገት የሚበላው እናንተን ነው።

ትንሽ እንደነዳሁ አቃተኝ። ወርደን መግፋት ጀመርን። ቀላሏን የኔን ብስክሌት እሱ እንዲገፋ ብለምነው እምቢ አለ። ከላይ ጠበል ተጠምቀው የሚመለሱ ሰዎች ቢጫ ጀሪካን ይዘው ይወርዳሉ፤ ያየን ሁሉ፣ ሳንጠይቀው ጭምር፣ «አይዟችሁ፣ ደርሳችኋል!» ይለናል። ደምሴ የሚጠይቀው ግን እኔን ነው።

«ሚጡ፣ ስንት ቀረን?»

«ገና ነን። በዚህ አያያዝ ከአንድ ሰዓት በላይ ይቀረናል።»

ይሄን ሲሰሙ በአጠገባችን የሚወርዱ አንዲት እናት ቀጥ ብለው ቆሙ። «ምነው ልጄ! ሰው ዳገት ላይ ሳለ እንዲህ ይባላል? ባልሽ አይደለም እንዴ?»

«ወንድሜ ነው፣ እማማ።»

«የባሰ! ወንድምሽን?»

«ውል አለን እማማ፤ እኔ ነኝ እውነቱን ንገሪኝ ያልኳት» አላቸው ደምሴ።

«የምን ውል! እውነቱንማ እግርህ ይነግርሃል፤ ሰው ‹አይዞህ› ነው የሚልህ። ደርሳችኋል ልጄ፣ ደርሳችኋል። ራጉኤል ይከተላችሁ» ብለው ከጀሪካናቸው ጠበል አፈሰሱለትና ሳይጠይቁት ፊቱን አበሱት። ዓይኑ ላይ ደገም አደረጉለት። እንዴት እንዳወቁ አላውቅም፤ አለማወቃቸውም ይሆናል። ዞር ብዬ ብስክሌቴን የማይ መሰልኩ። ውሃ ሆንኩ እዚያው።

ድንጋዩ

እንጦጦ ማርያም ጋ ዳገቱ አበቃ። ወደ ራጉኤል የሚወስደው መንገድ ይቀላል፤ አስፋልቱም ጥሩ ነው። ባሕር ዛፉ ይሸታል፤ ልጅነቴን በአፍንጫዬ ያገኘሁት እዚያ ነው። እንደገና ብስክሌት ላይ ወጣን። «ጠጠር በቀኝ! ጉድጓድ በግራ! በቅሎ መሃል ላይ!» እያልኩ ስነዳ፣ ደምሴ ከኋላዬ በድንገት ፍሬን ያዘ።

«ቁሚ!»

ደንግጬ ዞርኩ። የወደቀ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ብስክሌቱን መንገድ ዳር ጥሎ፣ ባሕር ዛፎቹ መሃል ወደሚታይ ትልቅ ጠፍጣፋ ድንጋይ እየሄደ ነው። ከጫካው የመጣች ቀጭን የእግር መንገድ ድንጋዩ ጋ ስትደርስ ከአስፋልቱ ትገናኛለች። ተንበርክኮ በእጁ ዳሰሰው። «እዚህ ጋ ስርጉድ ያለ አለ፤ ውሃ ይቋጥራል። አለ?» አለ። አለ። ጣሳ የምታህል ስርጉድ፣ ዛሬም የሌሊት ጤዛ ይዛለች። ጉልበቴን ያጠበልኝ ከሷ ነበር። ሱሪዬን ሰብስቤ ጠባሳዬን አየሁት፣ ልክ ድንጋዩ እንዲያየው ይመስል።

ጆንያውን ፈትቶ ድንጋዩ ላይ አነጠፈው። ተቀመጥን። በሶውን በውሃ በጥብጠን ጠጣን፣ ጭኮውን ተካፈልን።  ከዚያ ጧፍ የያዘች ወጣት ሴት ስታልፍ ደምሴ ጠየቃት።

«እህቴ፣ ራጉኤል ስንት ይቀረናል?»

«ደርሳችኋል።»

ሁለታችንም በሳቅ ወደቅን። ልጅቷ ግራ ተጋባች። «ኧረ በሕግ አምላክ! ምን ያስቃችኋል? ያውና!» ብላ በጧፏ ጠቆመች። ከመታጠፊያው በላይ፣ በባሕር ዛፉ ቅርንጫፎች መሃል፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ይታያል።

ሳቄ ደረቀ። ያ ሰውዬ «ግማሹንም አልሄዳችሁ» ያለን እዚህ ድንጋይ ላይ ነበር። አንድ መታጠፊያ ቀርቶን። በዚያ ጭጋግ ውስጥ ጣራው ፊታችን ቆሞ ነበር፤ እኛ ዞረን እያለቀስን ወረድን። ያን ሁሉ ዘመን «እውነቱን የነገረን እሱ ብቻ ነው» ስንለው የኖርነው ሰውዬ!

 «ወይ ነዶ!» አለ ደምሴ። «አንድ ጊዜ እኮ ብሰድበው ይወጣልኝ ነበር።» እንባው በሳቁ ላይ ወረደ። እኔም አለቀስኩ፤ ለሚጡ ነው ያለቀስኩት፣ የቤቷን ጣራ ሳታይ ለተመለሰችው።

ራጉኤል

ተሳልመን፣ ጧፍ አብርተን፣ ከተማው ወደሚታይበት ጥግ ሄድን። ቀኑ ብሩህ ነው። አዲስ አበባ በሙሉ ከታች ተዘርግታለች፤ ፎቅ በፎቅ ሆናለች፣ የድሮዋን የሚያስታውስ ሰው በጣቱ መፈለግ አለበት። ደምሴ ግን በአንድ ጊዜ አያያትም፤ ቁራጭ በቁራጭ ነው የሚያየው። ከኋላው ቆምኩና ራሱን በሁለት እጄ ይዤ ቀስ አድርጌ አዞርኩለት። ሕፃን ሳለሁ ጨረቃን ሊያሳየኝ እንዲህ ነበር የሚያደርገኝ።

«ይሄ ስድስት ኪሎ ነው… አሁን ወደ ግራ… ቀበና… የካ… ትንሽ ቆይ… መገናኛ። አሁን ደግሞ በጣም ወደ ግራ። ወሰን እዚያ ጋ ነው፤ ከዚያ ክሬን አጠገብ።»

«ጣራችን ይታያል?»

በውላችን መሠረት እውነቱን ነገርኩት። «አይታይም። ፎቅ ጋርዶታል፤ ባይጋርደውም ሩቅ ነው።»

«ያኔም አይታይም ነበር ማለት ነው» አለ። «ዋሽቼሻለሁ።»

ጠብታውን የሚያደርግበት ሰዓት ደርሶ ነበር። አንገቱን ወደ ኋላ አስደገፍኩትና በየዓይኑ አንዳንድ ጠብታ ጣል አደረግኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ ሲቀመጥ፣ እንዳያየኝ ሆኖ ሲቀመጥ፣ ነገርኩት። ሐኪሙ ለእሱ ያለው ሌላ፣ ለኔ ያለው ሌላ እንደሆነ። ክረምቱን። መንገድ መሻገሩን። እስከ መጨረሻው ተናገርኩ።

ዓይኑን አልከፈተም። «አውቃለሁ» አለኝ።

«ማን ነገረህ?»

«መንገዱ። በየሳምንቱ ሲጠብ ሌላ ሰው ይነግረኛል እንዴ? ሐኪሙ ‹ገና ነው› ሲለኝ እኮ ልክ እንደነዚህ ባለ ጀሪካኖች ነው። እነሱ ሩቁን ‹ደርሳችኋል› ይላሉ፣ እሱ ቅርቡን ‹ገና ነው› ይላል። ክፋት የለውም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?»

«እስክትነግሪኝ ነበር የጠበቅኩሽ። መናገር አቅቶሽ ስትከሺ እያየሁ።» ፈገግ አለ። «ዓይኔ ቧንቧ ቢሆንም አንቺ ከፊቴ ነሽ፤ ቧንቧው ውስጥ ነሽ። ለምን ከፊት እንዳስኬድኩሽ አልገባሽም? እየተለማመድኩ ነው፣ ሚጡ። ድምፅሽን ተከትሎ መሄድ።»

አቅፌው ቆየሁ። ሰው ያየናል አላልኩም። ትንሽ ቆይቶ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝና «ደግሞ ማን ያውቃል?» አለ። «ሐኪምሽም ያ ባለ ጋቢው ሰውዬ ሊሆን ይችላል።» ተስፋ ይሁን ቀልድ አልለየሁትም። ሁለቱንም እንደሆነ ቆጠርኩት።

ቁልቁለትና ወሰን

ቁልቁለቱን በእግራችን ወረድን። እሱ ሊነዳ ፈልጎ ነበር፤ ታናሽነቴን ትቼ ተቆጣሁት። ከሽሮ ሜዳ ወዲህ ግን እየነዳን፣ በመጣንበት መንገድ፣ በወፍጮ ቤቱ፣ በሻምበሉ አጥር፣ በሁለቱ ጥድ አድርገን ተመለስን። ባለ ካልሲው የብስክሌት መስመሩ ላይ ተመልሶ ዘርግቷል፤ ገና ከሩቅ ሲያየን «መጡ!» ብሎ ላስቲኩን ሰበሰበ።

ከዚህ ጉዞ ምን ተማርሽ ለሚለኝ፣ መጀመሪያ የማነሳው ዕቃውን ነው። በሶና ፒንሳ ከያዛችሁ የቀረው ሸክም ነው። መንገድ ስትጠይቁ ደግሞ ሰው የሚነግራችሁ የመንገዱን ርቀት አይደለም፤ ለእናንተ የሚመኝላችሁን ነው። «ደርሳችኋል» የሚላችሁን ስሙት፣ ስንቃችሁን ግን አትጣሉ። «ገና ናችሁ፣ ተመለሱ» የሚላችሁን ደግሞ አመስግናችሁ አንድ መታጠፊያ ጨምሩ።

ወሰን ስንገባ ፀሐይ ዘቅዝቃለች፤ ጋራዦቹ መዶሻቸውን ገና አላስቀመጡም። ደምሴ እስከ ዛሬ ወደሚኖርበት፣ ወዳደግንበት ቤት የሚያስገባው ጠባቡ የኮብልስቶን መንገድ ላይ ስንታጠፍ ደምሴ ከኋላዬ ዝም አለ። ጉድጓድ ስል «እሺ» ይል የነበረው አሁን «እሺ» አይልም። ዞር ብዬ አየሁት።

ዓይኑን ጨፍኗል። እየነዳ ነው። ፊቱ ላይ ምንም ጭንቀት የለም፤ አንገቱን ወደ ድምፄ ዘንበል አድርጓል።

ልጮህበት ነበር።  ግን ዝም ካልኩ እንደሚወድቅ ገባኝና መናገር ጀመርኩ። «ቀጥ በል… ድንጋይ በቀኝ… አለፍከው… ትንሽ ወደ ግራ… ቱቦ አለ፣ ቀስ… ቀጥ በል ጋሼ፣ ቀጥ በል…» ወርጄ እየገፋሁ፣ ወደ ኋላ እያየሁ፣ ሳላቋርጥ። አንዲት ጎረቤት በር ላይ ቆማ አፏን በእጇ ያዘች። ብስክሌቱ ትንሽ ተንገዳገደ፣ ቀና አለ፣ መጣ።

«ስንት ቀረን?» አለኝ።

ቀና ብዬ አየሁ። የግቢያችን የቆርቆሮ በር ፊት ለፊቴ ነው።

«ደርሰናል» አልኩት።

ፍሬን ያዘና አንድ እግሩን መሬት አሳረፈ። ዓይኑን አልከፈተም።

«እውነት?»

«እውነት።»

እጁን ዘረጋ፤ በሩን አገኘው።